ይለፍ ያልተባለ ካርታ

ካርታው የተገኘው ከአንድ የልጅ ቦርሳ ውስጥ ነው። አባቴ ደሴ ሰኞ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ቦንዳ ሲፈታ ኪሱም ቦርሳውም ይፈተሻል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የደረቀ ማስቲካ ወይም ጎዶሎ ካልሲ ነው። ያን ሰሞን ግን በላስቲክ የታሰረ ወፍራም የካርታ ክምር ወጣ። እኛ የምናውቀው ንጉሥና ንግሥት ያለበት ካርታ አይደለም። እሳት የሚተፋ ዘንዶ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ ጢሙ ጉልበቱ ላይ የደረሰ ሽማግሌ የተሳሉበት፣ ከሥዕሉ ሥር ጥቅጥቅ ያለ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ነው። ከካርታው ጋር አንድ የታጠፈ የመመሪያ ወረቀት ነበር፤ ግማሹ ተቀዶ የለም።

አባቴ ዕቃ መጣል አይሆንላቸውም። ክምሩን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተው ቅዳሜ እስክመጣ ጠበቁኝ። እኔ ያኔ ኮምቦልቻ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሳምንቱን እዚያ ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ደሴ እወጣለሁ፣ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ።

«አንቺ እንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለሽ? እስቲ ይኸ ምን እንደሚል ንገሪኝ» አሉና ቆርቆሮውን ከፊቴ አስቀመጡት።

ለአራተኛ ክፍል ልጆች «ይህ እስክሪብቶ ነው፣ ያ ወንበር ነው» ስል የምውል ሰው ነኝ። ከዘንዶው ሥር የተጻፈውን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። እንዳላወቅኩ ላለመምሰል ግን ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቅዳሜዎቻችን በጣም ዝም ያሉ ነበሩ። «በልተዋል?» እላለሁ፤ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሬዲዮ እንሰማለን። እሳቸው ከእኔ ጋር ምን እንደሚያወሩ አያውቁም፤ እኔም አላውቅም፤ በመካከላችን ታወራ የነበረችው እሷ ነበረች። ስለዚህ አባቴ ወረቀት ይዘው አንብቢልኝ ሲሉኝ ዘንዶ ቀርቶ የመድኃኒት ማዘዣም ቢሆን ደስ ብሎኝ አነበው ነበር።

በመጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ «ቁማር ነው?» የሚል ነው። ገንዘብ እንደማይያዝበት ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ገንዘብ ከሌለበት ቁማር አይባልም» ብለው ፈረዱ። ፈርደውም መጋረጃውን ሳቡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአንድ ቅዳሜ በቀር መጋረጃ ሳይሳብ ተጫውተን አናውቅም። አንድ ከመስጊድ አብረዋቸው የሚመለሱ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩ፤ በር ሳያንኳኩ የሚገቡ ዓይነት ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ድንገት ሲገቡብን አባቴ ጋቢያቸውን ካርታው ላይ ጣል አደረጉት።

«ምን እየሠራችሁ ነው በጨለማ?» አሉ ጎረቤታችን።

«ልጄን እያስጠናኋት» አሉ አባቴ።

«ምን?»

«እንግሊዝኛ።»

ጎረቤታችን እኔንም እሳቸውንም ተራ በተራ አዩን። «ማሻአላህ» ብለው ወጡ። አባቴ ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት ቦንዳ ላይ የሚታተመውን የአገር ስም ብቻ ነበር። ሳቄን ለማቆም ውሃ መጠጣት ነበረብኝ፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን እንዳኮሳተሩ ካርታውን ከጋቢው ሥር ማውጣት ጀመሩ።

ከሥዕሎቹ አንዷ ልብስ የማታበዛ ሴት ነበረች። አባቴ አይተው እንዳላዩ አገላበጧትና በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ከአንገቷ በታች የቁስል ፕላስተር ተለጥፎባት አገኘኋት። ፕላስተሩ ከጀርባ ባይታይም ካርታዋን ወፍራም ስላደረጋት ማን እጅ ላይ እንዳለች ሁልጊዜ እናውቅ ነበር። «ሙሽራዋ አንቺ ጋ ናት» ይሉኛል ገና ስይዛት። አስማት የሚለውም ቃል ቤታቸው እንዲጠራ አልፈለጉም። እንዲህ እና እንዲያ ያደርጋል የሚሉትን የአስማት ካርታዎች «ክስ» አሏቸው፤ ክስ የሚያከሽፉትን ደግሞ «መልስ»። አባቴ በሰፈሩ የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በአጥር ሲካሰሱ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጨዋታው በሁለት ቅዳሜ ውስጥ ሽምግልና ሆኖ አረፈው።

ሕጉን እንደገባኝ ላስረዳ። ካርታውን ለሁለት ስለተካፈልን ሁለታችንም የየራሳችን ክምር አለን። ከክምሩ ውስጥ የተራራ፣ የጫካ፣ የረግረግ ሥዕል ያለባቸው የመሬት ካርታዎች አሉ። ተራህ ሲደርስ አንድ መሬት ብቻ ከፊትህ ታስቀምጣለህ፤ ሁለት አይፈቀድም። አውሬም ሆነ ክስ ለማውጣት በዋጋው ልክ መሬትህን ወደ ጎን ታጋድማለህ። የተጋደመ መሬት ሠርቶ ደክሟል፤ ተራህ ተመልሶ እስኪመጣ አይነሣም። ያላጋደምከው ደግሞ ለሚቀጥለው ተራ አይጠራቀምም።

ይኸ የመጨረሻው አባቴን አንገበገባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቆጥበው የኖሩ ሰው ናቸው።

«ያልሠራሁበት መሬት ለነገ እጥፍ አይሆንልኝም?»

«አይሆንም።»

«ታዲያ ቆጣቢ ሰው በዚህ ጨዋታ ምን ይጠቀማል?»

«በእኔ ተራ መልስ ይሰጥበታላ። ሁሉን ካጋደሙ እኮ ክስ ስመሠርትብዎ እጅዎ ባዶ ነው።»

ይኸ ገባቸው። ከዚያ በኋላ ምንጊዜም ሁለት መሬት ሳያጋድሙ ያስቀሩ ነበር፤ እጃቸው ላይ ምንም መልስ ባይኖርም። እኔን ለማስፈራራት ነው። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ያለኝን ሁሉ በአንዴ አጋድሜ አወጣለሁ። በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ እሸነፍ ነበር፤ ሲያሸንፉኝም የሚያናድደኝ መሸነፌ ሳይሆን ጢማቸውን እየዳበሱ «አብሽሪ» ማለታቸው ነው።

አዲስ የወጣ አውሬ በወጣበት ተራ ማጥቃት አይችልም የሚለውን ሕግ ሳነብላቸው ግን ምንም አልተከራከሩም። «እንግዳ በመጣበት ቀን ሥራ ይታዘዛል እንዴ?» ብለው እንደ ተራ ነገር አለፉት። እኔ ያን ሕግ ለመረዳት ሁለት ጊዜ ነበር ያነበብኩት።

ትልቁ ጠባችን የቱ ካርታ ቀድሞ ይጸናል በሚለው ነበር። አንድ ሰው ካርታ ሲያወጣ ወዲያው አይጸናም። ሌላው «ይለፍ» ማለት አለበት። ይለፍ ካላለ መልስ ማውጣት ይችላል፤ በመልሱም ላይ መልስ ይመጣል፤ እንዲህ እየተደራረበ ይሄዳል። ሁለቱም ይለፍ ሲሉ ከላይ ያለው፣ ማለትም መጨረሻ የወጣው፣ መጀመሪያ ይጸናል። አባቴ እስከ ይለፉ ድረስ ተስማሙ፤ በሽምግልናም አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ «መልስ አለህ?» ሳይባል ነገር አይዘጋም። መጨረሻ የተናገረ መጀመሪያ ይሰማል ሲባል ግን ወረቀቱን ከእጄ ነጠቁኝ፤ ማንበብ እንደሚችል ሰው አፍጥጠው አዩት።

«ወላሂ ይኸ ልክ አይደለም። ቀድሞ የከሰሰ ቀድሞ ይሰማል። ከሳሽ ተቀምጦ መጨረሻ የመጣው ይሰማል እንዴ?»

«የእነሱ ሕግ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«እነሱ ሽማግሌ የላቸውም ማለት ነዋ።»

በዚህ ስንነታረክ ሳምንታት አለፉ። በአንዱ ቅዳሜ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «አገኘሁት» አሉኝ። ሱቃቸው በራፍ ላይ ቁጭ ብለው ሲያስቡ መጣላቸው። «ሁለት ሰው ስለ አጥር እየተከራከረ ሳለ ሦስተኛው ሮጦ መጥቶ ቤት ተቃጠለ ቢልሽ፣ ማንን ነው የምትሰሚው? መጨረሻ የመጣውን። ኋላ የመጣ ነገር ፊተኛውን የሚያስረሳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እሱ ይሰማ፤ አጥሩ የትም አይሄድ።» እንዲህ ብለው የእነሱን ሕግ ተቀበሉ፤ ደስታቸው ልጅ የወለደ ሰው ደስታ ነበር። እኔም ያን ቀን በጣም ወደድኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ስለኔ ወረቀት ሲያስቡ እንደከረሙ ገባኝ።

አንድ ሕግ ግን የራሳቸው ነው። አንዳንድ ጊዜ እጅህ ላይ የሚገቡት ካርታዎች አውሬና ክስ ብቻ ይሆኑና አንድም መሬት አይደርስህም። ያኔ ምንም ማድረግ አትችልም፤ ተራህ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ሌላው ይቀጠቅጥሃል። መጀመሪያ እንዲህ የገጠመኝ ቀን አባቴ ፊት ለፊቴ ያለውን ባዶ ጠረጴዛ አዩ፤ ከራሳቸው እጅ አንድ የጫካ ካርታ አውጥተው እኔ ፊት አስቀመጡልኝ።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«እረሺበታ። መሬት ከሌለው ሰው ጋር ምን ክርክር አለ? ያስነውራል።»

ወረቀቱ የተቀደደው እዚያ ላይ ስለነበር ይኸ ሊኖር ይችላል ብዬ ተቀበልኩ። አባታቸው በሬ የሞተበት ጎረቤት ሲኖር የራሳቸውን በሬ ሳያጠምዱ ያውሱ እንደነበር እየነገሩኝ ሲያስረዱኝ እንዲያውም የጨዋታው ዋና ሕግ መሰለኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደሴ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ሙሉውን ሕግ አነበብኩ። እንዲህ የሚል የለም። መሬት ያልደረሰው ሰው ካርታውን መልሶ በውዞ አንድ ካርታ ቀንሶ ይጀምራል እንጂ ማንም አይሰጠውም። ለአባቴ ስነግራቸው አላመነቱም፤ «ተሳስተዋል» አሉ። እኛም በስህተታችን ቀጠልን። አንድ ጊዜ ብቻ ሁለት መሬት ሰጥቼ ዘንዷቸውን ልለውጣቸው ብዬ ነበር፤ «መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ሕገ መንግሥቱን አታስተምሩም እንዴ?» ብለው አሳፈሩኝ።

ይኸ ሁሉ ሳቅ ባለበት ቤት ውስጥ የአባቴ ደረት ያፏጭ ነበር። ሲተነፍሱ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ክረምት ሲመጣና የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ሰፈር ሲወርድ ይብሳል። አንድ ሐምሌ ከገበያ ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ሲወጡ መንገድ ላይ ተቀምጠው መነሣት አቅቷቸው በሰው ሸክም ነው ቤት የገቡት። ሆስፒታል ያየቻቸው ሐኪም የሚነፋ መድኃኒት ሰጥታ ስታበቃ ለእኔ ለብቻዬ ነገረችኝ፤ የደሴን ክረምት ሌላ ጊዜ ባይሞክሩት ይሻላል፣ ወደ ሞቃት ቦታ ይውረዱ አለችኝ። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ እኔም እዚያ ነኝ። ከዚህ የቀለለ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

አባቴ ግን እምቢ አሉ። በመጀመሪያ በቀልድ፤ «ሙቀት ከሆነ ለምን ኮምቦልቻ ላይ እቆማለሁ፣ አንድ ፊቱን ቆላው ሐርቡ ድረስ ወርጄ አልጠበስም?» ቀጥሎ በዝምታ። በየቅዳሜው አነሣዋለሁ፤ በየቅዳሜው ካርታቸውን ይቆጥራሉ። የበለጠ በገፋሁ ቁጥር የበለጠ ይዘጋሉ። እኔም ስናደድ አፌ አይያዝም፤ «ሞተው ሊያሳዩኝ ነው?» እስከማለት ደርሻለሁ። ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት አለፈ፤ እኔ ኮምቦልቻ ከነበርኩበት አንድ ክፍል ወጥቼ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየሁ። ሳይፈቅዱ ቤት መከራየቴን ስነግራቸው ደረታቸው አፏጨ እንጂ ቃል አልወጣቸውም።

ሰኔ እንደገባ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር፤ መብራት ስለጠፋ ያን ቀን መጋረጃውን ከፍተን ነበር የተቀመጥነው፤ በዚያ ዝናብ ማንም አይመጣም ብለን። የአባቴ ትንፋሽ ከዝናቡ በላይ ይሰማኝ ነበር። ተራው የእሳቸው ነው። ያለወትሯቸው መሬታቸውን በሙሉ፣ እነዚያን ሁለቱንም ጨምረው፣ አጋደሙና ትልቁን ዘንዶ አወጡ።

«ኮምቦልቻ አልወርድም» አሉ ካርታውን እያስቀመጡ። «ይኸው ተናገርኩ። ከዛሬ ወዲያ ይኸን ነገር አታንሺብኝ።»

ካርታዬን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ።

«ይለፍ በያ።»

«አልልም።»

«ለዘንዶው ነው ወይስ ለነገሩ?»

«ለሁለቱም።»

ሌላ አባት ቢሆን ተቆጥቶ ይነሣ ነበር። የእኔ አባት ግን ይለፍ ያልተባለ ቃል እንደማይጸና ራሳቸው ስንት ቤት ገብተው የፈረዱ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሽምግልና ላይ እንደሚጠይቁት አድርገው ጠየቁኝ።

«መልስ አለሽ?»

«አለኝ። ሐኪሟ ያለችውን ሰምተዋል። አምና በሰው ሸክም ነው ቤትዎ የገቡት። ዘንድሮ የሚሸከም ሰው መንገድ ላይ ባይኖርስ?»

«ሰማሁ። በላዩ እኔም መልስ አለኝ።»

በካርታው ሕግ መልስ ሊኖራቸው አይችልም ነበር፤ መሬታቸው ሁሉ ተጋድሟል። ይህን ላነሣባቸው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ፊታቸውን ሳይ ለመናገር ብዙ ጊዜ የወሰደባቸው ነገር እንደሆነ አየሁ።

«እኔ እዚህ ሰፈር የስንቱን ቀብር በእግሬ ሸኝቻለሁ። የኛን ቅሬ ታውቂዋለሽ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ አፈር የሚያለብሰው እሱ ነው። እናትሽን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ኮምቦልቻ ብሞት ማን ይሸከመኛል? የትምህርት ቤትሽ ሰዎች ስሜን ያውቁታል? ደግሞስ እዚያ ሄጄ ምን ልሆን ነው? አንቺ ሥራ ስትውዪ በር ላይ ተቀምጬ ስጦር ልኑር? እዚህ እኮ ሰው ይፈልገኛል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠሩኛል። እዚያ ማን ይጠራኛል?»

እስከዚያ ቀን ድረስ እምቢታቸውን ግትርነት ብዬ ነበር የምጠራው፤ ፍርሃት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሽማግሌ አባቴ ማንም የማይፈልጋቸው ሰው እንዳይሆኑ ፈርተዋል። እጄ ላይ ያሉትን ካርታዎች አየሁ፤ ስለ ሐኪም፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ቤት ኪራይ የሰበሰብኳቸውን ምክንያቶችም በሐሳቤ አየሁ፤ አንዱም አይሆንም።

«መልስ አለሽ?» አሉ እንደገና፣ በርኅራኄ።

ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

«ብቻዬን ነኝ አባዬ።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«እዚያ ማንም የለኝም። አንድ ለአምስት ተደራጅተሻል ይሉኛል፤ ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ልጆቹ ከተለቀቁ በኋላ እስከ ማግስቱ ድምፄን የሚሰማ የለም። የቤቱን በር ከውስጥ ስቆልፍ እፈራለሁ። ባለፈው ወር ትኩሳት ይዞኝ ስተኛ ውሃ የሚያቀብለኝ ሰው አልነበረም፤ እርስዎም እንዳይጨነቁ ብዬ ጉንፋን ነው አልኩዎት። ሁለት ክፍል የተከራየሁት ለደረትዎ ብቻ አይደለም። ሰው እንዲኖርበት ብዬ ነው። እርስዎ እንዲኖሩበት።»

ይህን ስል ማልቀስ ጀምሬ ነበር። ሲያለቅሱ የሚያምርባቸው ሴቶች አሉ ይባላል፤ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። አፍንጫዬ ይቀላል፣ ድምፄ ይሰነጠቃል፣ ከማልቀሴ ይልቅ መታየቴ ያናድደኛል። ካርታዬን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እውነቱ ይኸ ነበር፤ ወራት ሙሉ ላስታምምዎ፣ ልጦርዎ፣ ላድንዎ ስል ከርሜ ያስፈልጉኛል ብዬ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ዝናቡ ረገብ አለ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርዎ? ትልቅ ሰው ነኝ፤ ሥራ አለኝ።»

«ትልቅ ሰው ብቻውን ሲሆን አይናገርም ማነው ያለው?»

«እርስዎስ ተናግረው ያውቃሉ?»

እናቴ ካረፈች ወዲህ እሳቸውም ያን ቤት ብቻቸውን ከውስጥ ሲቆልፉ እንደኖሩ ሁለታችንም በአንድ ላይ ያሰብን ይመስለኛል። በነጠላው ጫፍ ዓይኔን ጠርጌ፣ ሕጉ ነውና፣ በእሳቸው ድምፅ ጠየቅኳቸው።

«መልስ አለዎት?»

«የለኝም» አሉ። «ይለፍ።»

ዘንዶውን ከጠረጴዛው አንሥተው ወደ እጃቸው መለሱት። እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ የወጣ ካርታ ወደ እጅ አይመለስም፤ እኔም አልተከራከርኩም። የተጋደሙትን መሬቶች አንድ በአንድ እያቀኑ፣ ወደ እኔ ሳያዩ ጠየቁኝ።

«ቤቱ ፀሐይ ያገኛል?»

«ከጠዋት እስከ ማታ።»

«መስጊዱስ ሩቅ ነው?»

«አዛኑ ይሰማል።»

ሐምሌ ሳይገባ ወረዱ። የሚሸኟቸው ሰዎች ግቢያችንን ሞሉት፤ ያ በር የማያንኳኩት ጎረቤታችንም ነበሩ። አባቴ ቅሬያቸውን ሲሰናበቱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ጎረቤታችን ግን ከትከሻቸው ላይ ይዘው «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! ኮምቦልቻ እኮ በሚኒባስ የአንድ ወሬ መንገድ ናት። ዱአ እናድርግልህ እንጂ ምን ያስለቅስሃል? ስንፈልግህ እናስጠራሃለን፤ ስትፈልገን ትጠራናለህ» አሏቸው። ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ። እኔ ሚኒባሱ ላይ ፍራሽ እያስጫንኩ ረዳቱን ስቆጣ ነበር፤ ካልተቆጣሁ ላለቅስ ስለሆነ። ቁልቁለቱን ስንወርድ አየሩ እየሞቀ ሄደ፤ አባቴ መጀመሪያ ጋቢያቸውን፣ ቀጥሎ ኮታቸውን አወለቁ፤ መስኮቱን ከፍተው ፊታቸውን ለነፋሱ ሰጡት።

ደረታቸው በአንዴ አልዳነም። እያደር ግን ፉጨቱ ቀነሰ፤ ሲራመዱ ሳያርፉ እስከ መስጊድ መድረስ ቻሉ። ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ቢሆንም እኛ አስተማሪዎች ስብሰባ አናጣም ነበርና አንድ ቀን ከስብሰባ ደክሞኝ ስመለስ ከግቢው በር ላይ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ከጎን ካለው ቤት ከምትኖረው፣ ፋብሪካ ከምትሠራው ጎረቤቴ ጋር ያወራሉ። ከእኔ ጋር በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሰላምታ ሌላ ቃል ተለዋውጣ የማታውቅ ሴት ናት።

«ታዲያ አባባ ደሴን ለቀው የመጡት ለጤናዎ ነው?» ትላቸዋለች።

«ለጤናዬማ እዚያም አልሐምዱሊላህ ነበርኩ» አሉ አባቴ። «ምንም አልሆንኩም። ልጄ ናት እንጂ። ብቻዋን ነበረች፤ አላስችል ብሎኝ መጣሁላት።»

ምንም አልሆንኩም! በሰው ሸክም ቤታቸው የገቡት ሰውዬ! በሩን በርግጄ ገብቼ ላጋልጣቸው እጄ መቀርቀሪያው ላይ ደርሶ ነበር። ቁጣዬ ግን መንገድ ላይ ጠፋብኝ። ያሉት ነገር እውነት ነበር፤ ብቻዬን ነበርኩ፤ መጡልኝ። ጥቂት እዚያው ቆሜ ፊቴን አስተካከልኩና በሩን ገፋሁት።

አባቴ ከወንበራቸው ዘወር ብለው አዩኝ።

«መጣሽ?» አሉኝ።

በዚያች ከተማ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከሥራ ስመለስ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«መጣሁ» አልኳቸው።